ከውሃ በታች ያሉ ዘመዶች

መርከቧ ስትተፋን ገና አልነጋም ነበር፤
ከሩዝ ኩንታል ጋራ፣ ከዶሮ፣ ከሞተር፣
ጫማዋን ካወለቀች እንቅልፋም ሙሽራ ጋር
እኩል ተራገፍን ቤኖኒ ወደብ ዳር።

ሥራዬ መለካት ነው። ማኒላ ነው ቢሮዬ፤
በሜትር፣ በችካል፣ በማኅተም ነው ኑሮዬ።
ጎረቤት ጎረቤቱን «አጥር ገፋ» ብሎ ሲከስ
እኔ ነኝ የምጠራ፣ መስመር ልመልስ።
ዘንድሮ አለቃዬ ፊቴን አየና፣
«መዝገብ መስለሃል» አለኝ፣ «ባሕር እይ፣ ሂድና።»

ባለ ሞቶሬላው ጎማው እስኪያለቅስ እየነዳ
ታሪክ ይነግረኛል፣ ሳይጠየቅ፣ ለእንግዳ፦
«ካሚጊን ከተማዋ አምስት፣ እሳተ ገሞራዋ ሰባት፤
እንግዲህ አንተው ፍረድ፣ ማን እንደሆነ ባለቤት።»

ነጩን ደሴት አየሁ። ዛፍ የለው፣ ጥላ የለው፤
ማዕበል አጥቦ አስጥቶት የረሳው ነጠላ ነው።
ጠዋት እንደ ማጭድ፣ ቀትር ላይ እንደ ጆሮ፣
ማታ ደግሞ ያጥራል፣ ግማሹ ተሰውሮ።
እጄ አላርፍ አለና በእርምጃ ለካሁት፤
መቶ ሰማንያ ስል፣ ዘወር ብዬ ባይ፣
መነሻዬን ውሃው ሲጠጣው አገኘሁት።

ቴዮፊሎ፣ ባለ ጀልባው፣ ሲያየኝ ሲያየኝ ቆይቶ፣
«ጌታው፣ ተወው» አለኝ፣ ሲጋራውን አጥፍቶ፤
«ይሄ መሬት ካርታ የለው። ትናንት ከዚያ ነበር።
ነገ የት እንደሚያድር ለእኔም አይናገር።»

በማግሥቱ ፏፏቴ። ከገደል አፍ ተወርውሮ
ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ፣ ያ ብርድ፣ ያ ጉሮሮ፣
አጥንቴን አንድ በአንድ ቆጠረው ሳይሳሳት፤
ለካስ መቆጠርም አለ፣ ቆጥሮ ለኖረ ሰው ቅጣት።

መንገድ ዳር እስኮላስቲካ ላንሶኔስ ትሸጣለች፤
ሚዛኗን ገፋ አርጋ በእፍኟ ትሰፍራለች።
«ስንት ግራም ነው?» ብላት ሳቀች፣ ጥርሷ ሁለት።
«ቅመስ፤ ግን ዘሩን አትንከስ፣ መራራ ነው ሆዱ፤
ጣፋጭ ነገር ሁሉ አንድ ቦታ አለው ጉዱ።»
ነከስኩት። እውነቷን ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
ቦንቦን ስንደርስ፣ ባሕሩ ላይ፣ ከዳሩ ሳይርቅ፣
አንድ ነጭ መስቀል ቆሟል፣ ከሥሩ ምንም የለው።
«ዓሣ አለ?» አልኩ፣ መነጽሩን ፊቴ ላይ እያጠለቅሁ።
«አለ» አለ ቴዮፊሎ። «ዘመድም አለ።» ሳቅሁ።
እሱ ግን አልሳቀም።

ድሮ ነው። የአያቱ አያት ከተቀበረች ወዲያ
ተራራው አንዴ ተነፈሰ፣ ምድር ጎንበስ አለች፤
መቃብሩ ከነመስቀሉ፣ ከነአበባው፣ ወረደ።
ማንም አልቆፈረ። ማንም አልተከተለ።

ዘለቅሁ።
ሰማያዊ ኮከብ ዓሣ፣ አፉን የከፈተ ቀንድ አውጣ፣
ኮራሉ እንደ ጎመን አብቦ፣ ጥላዬ ከላዩ ሲመጣ
ቢጫ ዓሣዎች ተበተኑ፣ ከደወል በኋላ እንዳሉ ተማሪዎች።
እና ከሁሉ መሐል፣ አንድ ጠርዝ።
ቀጥ ያለ። ማዕዘኑ ዘጠና።
ባሕር ቀጥ ያለ ነገር አያውቅም፤ የሰው እጅ ነበረና።
አንድ ሰው እዚህ ገመድ ወጥሯል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ልክ እንደ እኔ፣ «ለዘላለም» ብሎ አምኖ።
ትንፋሼ አለቀ።

ስወጣ መቅዘፊያውን ይዞ በጸጥታ ይጠብቃል።
«የቷ ጋ ናት?» አልኩት። ጣቱ ያውቃል፦
«ከመስቀሉ ግራ፤ ያ የተጣመመ ኮኮናት
ከደወሉ ፍርስራሽ ጋር አንድ ሲሆን፣ ሦስት ቀዘፋ። እዚያ ናት።
በሙታን ቀን አበባ እንጥላለን። አበባው ግን
አንድም ቀን እሷ ላይ አላረፈ። ያው፣ ለጎረቤትም ይድረስ።»

ስመለስ፣ መርከቡ ላይ፣ ደብተሬን አወጣሁ፤
እንደ ልማዴ፣ በቅጹ መሠረት፣ ሞላሁ፦
በምሥራቅ፣ ተራራው፣ ለጊዜው የተኛ።
በደቡብ፣ መስቀሉ። በሰሜን፣ ኮኮናት፣ ጠማማ ጓደኛ።
በምዕራብ፣ ውሃ፣ ውሃ፣ ከዚያም ሌላ ውሃ።
ስፋቱ፣ ሦስት ቀዘፋ።
ባለይዞታ የሚለው ላይ ብዕሬ ቆመ፤
ወረቀቱ ላይ፣ ከፀጉሬ፣ አንድ ጠብታ ጨው ታተመ።